ሰነፏ ሶል

ሹካ ሳጥኗን ከፍታ ዕቃዎቿን አንድ በአንድ ነካች። የክር መወጠሪያው ቁልፍ አለ። አራቱ የላስቲክ ሽብልቆች አሉ። ረጅሙ ቀይ የሱፍ ጨርቅ፣ እርሳሱ፣ አዲሱ ካርድ፤ በመጨረሻም ቅጽል ስሟን ያወጣላት ባለ ሁለት ጥርስ ብረት። ብረቱን ጉልበቷ ላይ መታ አድርጋ ወደ ጆሮዋ አስጠጋችው። "ላ" አለ። ፒያኖ የሚያስተካክል ሰው ቀኑን በዚህ ድምፅ ይጀምራል። ሰው ቢከዳ፣ ዓለም ቢገለበጥ፣ ላ ያው ላ ነው።

የተወለደችበትን ስም የሚጠራው አባቷ ብቻ ነበር፤ እሱም ሲቆጣ። ዛሬ ግን ተቆጥቶ ሳለ "ልጄ" አላት። ይህ ከቁጣ ይብሳል።

"ልጄ፣ አትሂጂ።"

"ሥራ ነው፣ አባዬ።"

"ምን?"

ሽማግሌው አርባ ዓመት ፒያኖ ሲያስተካክል ኖሮ ግራ ጆሮውን ለሥራው ገብሯል። ወደ ቀኝ ዞረችለት።

"ሥራ ነው አልኩህ!"

"ሥራ ነው ትላለች! የወደድሽው ልጅ ሌላ ሴት ሊተዋወቅ ቤተሰብ ይሰበሰባል፤ አንቺ ደግሞ ድግሱ እንዲያምር ፒያኖውን ልታሰማምሪለት ነው። ይሄ ሥራ አይደለም። የገዛ ጉድጓድን መቆፈር ነው።"

"ብቀር ፈርታ ቀረች ይላሉ።"

"ይበሉ! የልጁ እናት ምላስ ነው ግማሹን ደንበኛ ያመጣልን። ትምህርት ቤቱን፣ የሆቴሉን አዳራሽ፣ የሐኪሞቹን ቤት። ባመጣው ምላስ ይወስደዋል። እሄዳለሁ ካልሽም ምላስሽን ሰብስበሽ ግቢ፣ ሰብስበሽ ውጪ።"

"ለመናገር አይደለም የምሄደው። አራት ወር ሙሉ ዝም ያለ ሰው ፊቱ ምን እንደሚመስል ለማየት ነው።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ካፈርኩ አይመልሰኝ።"

አባቷ ራሱን ነቀነቀ። ሳጥኑን ግን ራሱ ዘጋላት፤ የተበጠሰውን ማሰሪያ በሲባጎ አጠበቀላት። በሩ ላይ ስትደርስ ቀኝ ጆሮውን ይዞ፣ እንደማይሰማ ሰው እየጮኸ፣ "በሰዓቱ ተመለሽ!" አላት። በሰዓቱ እንደማትመለስ ሁለቱም ገብቷቸው ነበር።

የዳኛው ቤት ከተማውን ቁልቁል የሚያይ፣ ሁለት በር ያለው ቤት ነው። ዳኛው ከሞተ ቆይቷል። የቀሩት ሚስቱ፣ አንድ ልጁ፣ እና ማንም በጠራቸው ጊዜ ለምሳ የሚደርሱ ሁለት ወንድሞቹ ናቸው። የፊቱ በር የእንግዳ፣ የኋላው የሠራተኛ ነው። ሹካ ሁለት ዓመት በኋላው ገብታ በኋላው ወጥታለች። ፒያኖው በየአራት ወሩ ይስተካከላል፤ ልጁን ያወቀችውም በዚሁ የሥራ ቀን ነው።

ልጁ በእናቱ ትእዛዝ ሕግ ተምሮ፣ በራሱ ፈቃድ ቅዳሜ ቅዳሜ ሆቴሉ አዳራሽ ውስጥ ፒያኖ ይጫወታል። በመጀመሪያው ቀን ሥራዋን ጨርሳ ዕቃ ስትሰበስብ ቁጭ ብሎ አንድ ነገር ተጫወተ። ስም የለውም፤ ግጥም የለውም። ግራ እጁ እንደ ሰው እርምጃ ደልደል ብሎ ይሄዳል። ቀኝ እጁ ከኋላው፣ ኪሱ ውስጥ እጁን ከትቶ እንደሚንሸራሸር ሰው ቀስ ብሎ ይከተላል። ጃዝ ነው እንዳይሉት ሆድ ያባባል፤ ሶል የሚሉት የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ነው እንዳይሉት ድንገት መንገድ እየለወጠ ያስቃል። ሹካ የማትወደው አንድ ነገር ነበረው።

"ትዘገያለህ" አለችው። "በየመስመሩ ግማሽ ምት ትዘገያለህ።"

"አልዘገይም። ቆየት ብዬ ነው የምገባው።"

"ልዩነቱ ምንድን ነው?"

"የዘገየ ሰው ይሮጣል። ቆየት ብሎ የሚገባ ግን የሚጠብቀው እንዳለ ያውቃል።"

"ቆንጆ ሰበብ ነው" አለች፤ ከዚያን ቀን ጀምሮም "ዘገየ" ብላ ጠራችው። ለካ ሰው በቅጽል ስምም ይወደዳል።

በሁለተኛው ጉብኝት አንድ ነገር ለመናት። ፒያኖ ውስጥ እያንዳንዱ መሃለኛ ድምፅ ሦስት ክር አለው፤ የአስተካካይ ሥራ ሦስቱን እንደ አንድ አፍ ማስጮህ ነው። ከሦስቱ አንዱ የፀጉር ያህል ዝቅ ካለ ድምፁ ይወዛወዛል፣ ማዕበል ያበጃል። የልጁ ዘፈን የሚያርፈው ከላ አንድ እርምጃ ዝቅ ብላ ባለችው በሶል ላይ ነበር።

"ሶሏን ተዪልኝ። አንዷን ክር ዝቅ አድርጊልኝ። ስታርፍ ተንፈስ ትበል።"

"የተበላሸ ልስራልህ?"

"ሰነፍ አድርጊልኝ እንጂ አታበላሺብኝ። ሶል ሙዚቃ ያለ ሶል ምን ይሆናል?"

አባቷ ቢሰማ ሳጥኑን ይነጥቃት ነበር። እሷ ግን አደረገችው። በሕይወቷ ሆን ብላ ያጣመመችው የመጀመሪያ ነገር ያ ነበር፤ ወደ ቤቷ ስትመለስም በየመንገዱ እያፏጨች ሄደች።

ደብዳቤያቸው ካርዱ ነበር። አስተካካይ ሁሉ በፒያኖው ሆድ፣ ከክዳኑ ሥር፣ አንድ ካርድ ይተዋል፤ ቀን፣ የተሠራ ሥራ፣ አስተያየት። ማንም አይከፍተውም፣ ማንም አያነበውም። ዘገየ አስተያየት በሚለው ረድፍ በእርሳስ "ዛሬ ለምን አልሳቅሽም?" ብሎ ጻፈ። እሷ ከአራት ወር በኋላ "የሚያስቅ ስላልተጫወትክ" ብላ መለሰች። አራት ወር ይረዝማል ብሎ በየሳምንቱ የሚሰበር ፔዳል፣ በየሳምንቱ የሚላላ ቁልፍ ያገኝ ጀመር። እናቱ "ይሄ ፒያኖ ታመመ እንዴ?" ትል ነበር። ካርዱ ሞላ። ጠርዙም ሞላ።

በመጨረሻው ቀን ሹካ በቀረው መስመር ላይ እንዲህ ጻፈች፦ "በጓሮ በር መውደድ ሰለቸኝ። ዛሬ ንገራቸው፤ ካልሆነ ልቀቀኝ።" የተረፈው ቦታ የአውራ ጣት ጥፍር አይሞላም። ውሃ ልትጠጣ ወጥ ቤት ደርሳ ስትመለስ በዚያች ጥግ ላይ አንድ ቃል ተጽፎ አገኘች።

"ቆዪ።"

እሱ ጽፎ ወደ ምሳው ተመልሷል፤ ቤተሰቡ ከግድግዳው ባሻገር ምሳ ላይ ነበር፤ የማንኪያ ድምፅ ይሰማታል። ቆዪ። ታገሺ ማለቱ ነው፤ ጊዜው አይደለም፣ ጠብቂኝ። ዕቃዋን ሰብስባ በኋላው በር ወጣች። ጠበቀችም። አንድ ሳምንት ጠበቀች፣ አንድ ወር፣ አራት ወር። ፔዳሉ መሰበሩን አቆመ። ስልኩ ዝም አለ። ባለፈው ሳምንት የደወለችው እናቱ ነበረች፦ እሁድ የባንክ ኃላፊው ቤተሰብ ከነልጃቸው ምሳ ይመጣሉ፣ ልጄ ይጫወትላቸዋል፣ ጠዋት ደርሰሽ አስተካክዪው። ሹካ "እሺ" ብላ ስልኩን ዘጋች።

ሳሎኑ ለእንግዳ ተሰናድቷል። ወንበሮቹ ፒያኖውን ከበው በግማሽ ክብ ተደርድረዋል። ሹካ ክዳኑን አንስታ፣ ሽብልቋን ሰክታ ሥራዋን ጀመረች። የዳኛው ሚስት መጥታ ከኋላዋ ቆመች። ቁመቷ ሸንበቆ፣ አነጋገሯ እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ ነው፤ ይግባኝ የለውም።

"ያቺን ሰነፍ ድምፅ ዛሬ አስተካክዪያት።"

"የትኛዋን?"

"የትኛዋን ትላለች! ሁለት ዓመት ጆሮዬን ስትበላው የኖረችውን ነዋ። ልጄ ተዪያት ይላል፤ ዛሬ ግን ሰው ይመጣል።"

"እሺ።"

ሴትዮዋ ልትሄድ ዞራ ተመለሰች። ድምፅዋ ለሰለሰ፤ ያም የከፋው ነበር።

"አንድ ነገር ልንገርሽ። አመሰግንሻለሁ።"

"ለምኑ?"

"ለዚያን ቀኑ። ልጄ ከምሳ ላይ ተነሳና፣ አጎቶቹ ፊት፣ 'የማስተዋውቃችሁ ሰው አለች፤ እዚሁ ሳሎን ቆይታ እየጠበቀችኝ ነው' አለ። እጄ ላይ ያለው ብርጭቆ ሊወድቅ! በሩን ሲከፍተው ወንበሩ ባዶ። አጎቶቹ ሳቁበት። እኔ ግን አልሳቅሁም። ምን ዓይነት አስተዋይ ልጅ ናት አልኩ፤ ልኳን አውቃ ሄደች። ሰው ልኩን ሲያውቅ ደስ ይለኛል። ዛሬም እንደዚያን ቀን በጊዜ እንደምትሄጂ አውቃለሁ።"

የጫማዋ ድምፅ በኮሪደሩ ራቀ።

ሹካ ቁልፉን አስቀመጠች። አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም። ልምዷ ሌላ ነው። የታወከ ድምፅ ስትሰማ ሁለቱን ክር አፍና አንዱን ብቻ ታዳምጣለች። ቃሉንም እንደዚያ ያዘችው። ቆዪ። የመጀመሪያው ክር፦ ታገሺ፣ ሌላ ጊዜ። አፈነችው። ሁለተኛው ክር፦ እዚሁ ሁኚ፣ አትሂጂ፣ መጣሁ። አንድ ቃል፣ ሁለት ክር፣ በመካከላቸው የፀጉር ያህል ልዩነት፤ ከዚያች ልዩነት አራት ወር ሙሉ የሚወዛወዝ ማዕበል።

ተነግሮላት ነበር። በሩ ተከፍቶላት ነበር። እሷ በዚያች ሰዓት አውቶቡስ ላይ ሆና ትዕግሥቷን እያመሰገነች ነበር።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ቸኩላ ያልሄደች፣ ታግሳ የሄደችውስ ምን ትባል?

መጀመሪያ የመጣባት ሐዘን ነበር፤ ብዙም አልቆየም። ከሥሩ ሌላ ነገር ተነሳ። ልኳን ታውቃለች። የማን ልክ? በዚህ ቤት ልክ የሚባለውን ነገር ያስተካከለው አባቷ ነው፤ ከሱ ቀጥሎ እሷ ናት። ሰማንያ ስምንቱን የፒያኖ ቁልፍ በልኩ ያቆመች እጅ የራሷን ልክ ከሰው አፍ ልትሰማ ነው?

ሶል ላይ ደረሰች። አራት ወር ያልተነካች ክር ከስንፍናም አልፋ ወርዳለች፤ አሁን የተበላሸች ድምፅ ብቻ ነበረች። ቁልፉን ሰክታ ትንሽ ከፍ አደረገቻት። ቀጥ ልትል ተቃረበች። ሴትዮዋ የምትፈልገው ይህንን ነው፤ አንድ ንክኪ ቀርቷል። ሹካ ክሯን መልሳ የፀጉር ያህል ለቀቀቻት። መታቻት፤ አዳመጠች። አንድ ትንፋሽ፣ አንድ ማዕበል። እንደ ጥንቱ። ስንፍናም ልክ አለው፤ ልኩን የምታውቀው እሷ ናት።

ዕቃዋን ሰብስባ ሳጥኗን ዘጋች። ወደ ኋላው በር አልሄደችም። ለፒያኖው የቀረበውን ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ሳጥኗንም ጉልበቷ ላይ አደረገች። ከዚህ በፊት በዚህ ሳሎን ለሥራ እንጂ እንደ እንግዳ ተቀምጣ እንደማታውቅ አሁን ገና አስተዋለች፤ ወንበሩ ይመቻል።

ምሳው አልቆ በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የገቡት አጎቶቹ ነበሩ፣ ቀጥሎ የባንክ ኃላፊውና ሚስቱ፣ ቀጥሎ ልጃቸው፤ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ምሳው ሳይሆን ወሬው እንዳጠገባት ፊቷ የሚናገር። የዳኛው ሚስት ሹካን ስታይ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ደረቀ።

"ሥራሽ አልቋል መሰለኝ።"

"አልቋል።"

"እንግዲያው የኋላው በር ክፍት ነው።"

"አውቃለሁ። ሁለት ዓመት ወጥቼበታለሁ። ዛሬ ግን እቆያለሁ።"

አንደኛው አጎት አሳለው። ዘገየ የገባው ያን ጊዜ ነው፤ እንደ ስሙ ከሁሉም ኋላ። አያት። ፊቱ ከስቷል። ዓይኑ አንድ ጊዜ በራና ወዲያው እንደ ተዘጋ መስኮት ጨለመ። ስንት ቀን ለማየት ያሰበችው ፊት ይህ ነበር፤ የከዳ ፊት አልነበረም። የተከዳ ፊት ነበር።

"ጨርሰሻል?" አላት፣ እንደ ባዕድ።

"አንዲት ነገር ቀርታኛለች። ሞክራት።"

እምቢ ይላል ብላ ፈራች። እሱ ግን ቆሞ እንዳለ እጁን ዘረጋ። አንድ በአንድ ወጣ፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ። ሶልን ነካ። ድምፅዋ ተነስታ፣ ተንፍሳ፣ ተወዛውዛ አረፈች። ጣቱን አላነሳም። ማዕበሉ እስኪሞት ቆየ።

"አላስተካከልሻትም" አለ ቀስ ብሎ።

"አስተካክያታለሁ። በልኳ።"

"ታዲያ ያን ቀን ለምን ሄድሽ?"

"ቆዪ ብለኸኝ!"

"እኮ! ቆዪ ነው ያልኩሽ!"

"እኮ! ቆየሁ! አራት ወር ቆየሁ!"

የባንክ ኃላፊው ልጅ አፏን በመዳፏ ይዛ ሳቋን ለመዋጥ ብትሞክርም አልቻለችም። "ወይኔ! ሁለቱም እኮ ልክ ናቸው" አለች።

ዘገየ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ፤ ሲያነሳው ዓይኑ ረጥቧል።

"በሩን ከፈትኩ" አለ፤ "ወንበርሽ ባዶ ነበር። ንቃኝ ሄደች አልኩ። ከዚያን ቀን ወዲህ ያቺን ዘፈን አልነካኋትም። ባዶ ወንበር ካየሁ በኋላ ማንም ቢቀመጥበት ግድ አልነበረኝም።"

"ማንም?" አለች ባለ አጭር ፀጉሯ። "ስለ ክብሩ እግዜር ይስጥልኝ።"

"ይቅርታሽን። አንቺን ማለቴ..."

"ተወው፣ ተወው፤ ይልቅ አታቋርጥ።"

የዳኛው ሚስት ወደ ፊት መጣች። "በቃ! ይሄ ሁሉ ሰው ፊት! የዳኛ ልጅ ከአስተካካይ ልጅ ጋር ቃል ሲለዋወጥ ልናይ ነው የተሰበሰብነው?"

ሹካ ተነሳች። ሳጥኑ ከብዷታል፤ አላስቀመጠችውም።

"አዎ፣ የአስተካካይ ልጅ ነኝ። አባቴ ግራ ጆሮውን እንደዚህ ባሉ ሳሎኖች ጨርሷል። ልኳን ታውቃለች አሉኝ። አውቃለሁ። ያን ቀን የሄድኩት ግን ልኬን አውቄ አይደለም፤ አሳስቼ አንብቤ ነው። ምስጋናዎን እመልሳለሁ።"

"ነገ በዚህ ከተማ አንዲት ፒያኖ የሚያስነካሽ ያለ ይመስልሻል? አንድ ስልክ ነው!"

"ይደውሉ። ጆሮ ያለው ይጠራኛል። የሌለው ቢቀር አልጎዳም።"

"ያቺን ድምፅ አሁኑኑ አስተካክዪ። ፒያኖው የእኔ ነው!"

"ፒያኖው የእርስዎ ነው፤ ድምፁ የእጄ ሥራ ነው። የተጣመመ ሥራ ትቼ ወጥቼ አላውቅም፤ ዛሬም አልተውኩም።"

"እማዬ" አለ ዘገየ። ሳይጮህ ነበር የተናገረው። "ያን ቀን ላስተዋውቃችሁ ያልኩት ሰው ይቺ ናት። አራት ወር ዘግይቻለሁ። ከእንግዲህ ለመዘግየት ጊዜ የለኝም። ከዚህ ቤት ከወጣች በፊቱ በር ነው የምትወጣው፤ አብሬያትም እወጣለሁ። ከቆየች ግን ትቀመጣለች፣ እኔም እጫወታለሁ። ምረጪ።"

የዳኛው ሚስት አፏን ከፈተች። ውሳኔ አልወጣም። ዕድሜዋን ሙሉ ስትፈርድ የኖረች ሴት፣ ምረጪ የሚላት ሰው ሲያጋጥማት ምን እንደሚደረግ አታውቅም ነበር። ቀስ ብላ ከበሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ጀርባዋ እንደተገተረ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ። እሺ አላለችም። አልወጣችምም።

ዘገየ ሹካን አያት። "ትቆያለሽ?"

"በየትኛው ትርጉም?"

ሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ ነበር። "በሁለቱም።"

ሹካ ተቀመጠች፤ ሳጥኑንም አሁን መሬት አስቀመጠችው። አዲሱን ካርድ ከሳጥኑ አውጥታ በእርሳስ ቀኑን ጻፈች፤ ከሥሩ ሃያ አራት ባዶ መስመር ነበር። ለስንት ነገር ይበቃል! ከእንግዲህ ማንም ልቡን በጥፍር ቦታ ላይ አይጽፍም።

ግራ እጁ ጀመረ፤ ደልደል ያለው፣ የማይቸኩለው እርምጃ። አንድ አጎት ሳያውቀው በእግሩ ምት ያዘ። ባለ አጭር ፀጉሯ ዓይኗን ጨፈነች። ቀኝ እጁ ግን አየር ላይ ቆሞ ነበር፤ መግቢያው አለፈ። ሌላ ጊዜ ብትሆን ሹካ ትቆጥር ነበር፣ ግማሽ ምት፣ አንድ ምት፣ ትዘገያለህ። ዛሬ አልቆጠረችም። የዳኛው ሚስት አንገት እንኳ በመጠኑ ወደ ፒያኖው ሲዞር አየች። እጁ ይወርዳል። ሶልን ይነካል። በዚህ ሁሉ ሰው መካከል፣ በፊት ለፊቱ በር በኩል በሚገባው ብርሃን ውስጥ፣ ሹካ ተደላድላ ተቀምጣ የምትመጣውን ድምፅ ትጠብቅ ነበር፤ መጠበቅም በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ መቆየት ሆነላት።